ለዘነበች መቃብር የተገዛው ቆርቆሮ

አቶ አስፋው ከዳምቦያ ገበያ የገዙትን ቆርቆሮ በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ መካነ መቃብሩ ሲያቀኑ፣ ከሥራ ከሚመለሰው የእህታቸው ልጅ ከኤፍሬም ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። ኤፍሬም ነርስ ነው። ያየውን ሳይመረምር አያልፍም፤ የመረመረውንም ሳይናገር አያድርም። ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥረው ሊያልፉት ፈለጉ።

«አጎቴ፣ እንዴት ዋሉ? በመጨረሻ ማድ ቤቱን ሊከድኑት ነው?»

«የምን ማድ ቤት? የዘነበችን መቃብር ነው እንጂ! ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ሴራሚክ ይለጠፋል፣ ዙሪያው በብረት ይታጠራል፣ ከላይ ይከደናል። ዝናብ እንዳይነካት።»

ኤፍሬም የጋሪውን ጠርዝ ያዘ። «ዝናብ እንዳይነካት?»

«ምን ያስገርምሃል? ጎረቤቴ ወልደኪዳን ለሚስቱ ያሠራውን መቃብር አላየህም? መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ነው የሚያየው። የእኔ ሚስት ከእሱ ሚስት ታንሳለች?»

«እሷስ አታንስም። ማነስ የፈሩት ባሏ ናቸው።»

«ሆሳዕና ኮሌጅ ገባህና ምላስህ ረዘመ!»

ኤፍሬም ያለ ነገር አልተናገረም። የማድ ቤቱ የሣር ክዳን ከበሰበሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዘነበች ክረምት በመጣ ቁጥር የማዳበሪያ ጆንያ በራሷ ላይ ደፍታ ቆጮ ስትጋግር ነው የኖረችው። ቆርቆሮ ስትለምናቸው «ለከርሞ» ይሏት ነበር። ከርሞው ሳይመጣ ሳንባዋን ታማ ሞተች።

«አጎቴ፣ በትንሣኤ ሙታን ያምናሉ?»

«ታዲያ ክርስቲያን አይደለሁም?»

«እንግዲያው መቃብር የሚለቀቅ ቤት ነው። ለቆ ለሚወጣበት ቤት ሴራሚክ የሚለጥፍ ተከራይ አይተው ያውቃሉ?»

አቶ አስፋው ሳይወዱ ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ድምፃቸው ወረደ። «አንተ ልጅ፣ ወልደኪዳንን ተወው። በሰማይ ስንገናኝ ምን እላታለሁ? ከተጋባን ጀምሮ የለመነችኝ ይህንኑ ቆርቆሮ ነው። ባዶ እጄን ልቅረባት?»

«መቃብሯ ላይ ቢሰቅሉት ሰጧት ማለት አይደለም። ጌታ የሚጠይቀን ስለ ተራበና ስለ ታረዘ ነው፤ መቃብር ስለሚያሳምሩ ሰዎች የተናገረው ግብዞችን ሲገሥጽ ብቻ ነው። ትናንት ምራትዎን አየኋት። ትዝታ አራስ ልጇን ታቅፋ፣ ያንኑ ጆንያ ደፍታ ትጋግራለች። ማሳልም ጀምራለች።»

«ምነው ታዲያ አልነገረችኝም?»

«አክስቴ ነግራዎት ምን አገኘች?»

ሰው ራሱን ከፍ ሊያደርግ በሙታን ስም ሲደክም፣ በሕይወት ያለው አጠገቡ ይበሰብሳል፤ ያንንም ክብር ይለዋል። ሽማግሌው ይህ ገባቸው። የቆርቆሮውን ጠርዝ እየዳሰሱ፣ «ለዘነበችስ ምን ይቀርላታል?» አሉ።

«አንድ የእንጨት መስቀል ይበቃታል። ስለ እሷም እግዚአብሔርን ያመስግኑ። በሕይወት ሳለች እሷን አመስግነዋት ያውቃሉ?»

«ሚስት ለቤቷ ብትሠራ ምኑ ይመሰገናል ብዬ…» ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ጋሪውን ወደ ቤት መለሱት።

ማድ ቤቱ ተከደነ። ማገዶው ደረቀ፤ ሕፃኑ ደረቅ ቦታ ተኛ፤ ትዝታም ሳሉ ሳይጠናባት ታክማ ዳነች። ወልደኪዳን ግን፣ «ሚስቱን ሜዳ ላይ ጥሎ ምራቱን ከደነ» እያለ በየለቅሶ ቤቱ አሾፈ። አቶ አስፋው ሰሙት፤ አልመለሱለትም።

አንድ ቀን ትዝታ ጎንበስ ብላ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ። እንደ እርስዎ ያለ አሳቢ የት ይገኛል!» አለቻቸው።

አቶ አስፋው አሜን ሳይሉ ወደ አዲሱ ክዳን ቀና አሉ።

«እኔን አታመስግኚ፣ ልጄ» አሉ። «ጌታ መሐሪ ነው፣ ይቅር ይለኝ ይሆናል። ዘነበችም ደግ ነበረች፣ ይቅር ትለኛለች። የምክሳት ግን በምንድን ነው? በሰማይ እንደሆነ የሚያፈስ ቤት የለም።»