የጋሽ ባትሪ በርሜል

አንድ ጠዋት ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ወደ ጋሽ ባትሪ ቤት ስሄድ፣ ቦርሳ ያነገተች ወጣት በሩ ላይ አገኘሁ። ጋሽ ባትሪ የምንላቸው ዕድሜ ልካቸውን የመኪና ባትሪ ሲጠግኑ የኖሩት ጎረቤታችን ናቸው። መምህር ነኝና መጠየቅ አይሰለቸኝም፤ ልጅቷ የሟች እህታቸው ልጅ መሆኗንና ውሃ መመርመሪያ ቤት እንደምትሠራ ነገረችኝ። እኔም የሰፈሩን ወሬ ዘረገፍኩላት፤ የልብስ ሰፊዋ ሕፃን ሲከሳ ሰንብቶ፣ ሐኪሙ ደሙ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ ማለቱን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«ውሃ ከየት ነው የሚጠጣው?» አለችኝ። ሁላችንም ከዚሁ ቤት እንደምንቀዳ ነገርኳት።

ሽማግሌው ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ማታ ከጉድጓዳቸው እየቀዱ በርሜል ይሞላሉ፤ ጠዋት ለሰፈሩ ያድላሉ። ለማንም ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው ይቀምሳሉ። ቀጂው ከሄደ በኋላ ግን ያን በር የሚያንኳኳ የለም፤ ከሁለቱ ወንበሮቻቸው አንዱን አቧራ ወርሶታል። ያሳዝኑኝ ነበር፤ ግን እኔም ውሃዬን ይዤ ከመውጣት አልፌ አላውቅም።

ልጅቷ ውሃው ይመርመር ስትላቸው ተቆጡ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መጣሽ? እኔ ቀምሼ ነው የማድለው!»

«አጎቴ፣ እርሳስ በምላስ አይለይም።»

«ታዲያ በምን ሊለይ ነው?»

ከቦርሳዋ መስታወት ያለው ትንሽ መሣሪያና ከእሱ ጋር በሽቦ የተያያዘ ጥቁር ዘንግ አወጣች። ጋሽ ባትሪ ሳቁ፤ ዘንጉ ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣው ከሰል መሆኑን ወዲያው አወቁት። ስጥለው የኖርኩት ቆሻሻ ዛሬ ሐኪም ሆነ ወይ ብለው አላገጡባት።

«ይኼ ከሰል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ራሱ ግን እንደ ብረት ቶሎ አይበላም፤ ርካሽም ነው» አለች በትሕትና። «ኤሌክትሪክ ስሰጠው ውሃው ውስጥ ያለው እርሳስ እየመጣ ይለጠፍበታል። ቀጥሎ እንዲለቅ አደርገዋለሁ። ሲለቅ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ መሣሪያው ይለካል፤ እርሳሱ በበዛ ቁጥር መስታወቱ ላይ የሚታየው ጉብታ ይረዝማል።»

 ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ውሃው መጥፎ ነው ካልሽ ደጄን ማን ይረግጣል?» አሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ብዙ ጊዜ አሮጌ ልማድን የሙጥኝ የሚል ሰው ደንቆሮ ይመስለናል። እኚህ ሰው ግን የፈሩት ባዶ ቤታቸውን ነበር።

«ሕፃኑስ?» አለች ልጅቷ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ቅዳ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ የበርሜሉን ውሃ ስትለካ ጉብታው ተወነጨፈ። እንደገና አለስልሳ ከጉድጓዱ በቀጥታ የቀዳነውን ስትለካ ግን መስመሩ ሜዳ ሆነ። ጋሽ ባትሪ ሁለቱንም ቀመሱ፤ አንድ ነው አሉ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ።

«በርሜሉ ሥሩ አንጠባጥቦ ነበር። ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጬ ደፈንኩት።»

የሚያውቁት ሙያ እሱ ነበርና ባወቁት ደፈኑ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እሳቸው ምላሳቸውን ባይጠረጥሩ ሕፃኑ ተመነጠረ። በርሜሉን ራሳቸው እያንከባለሉ አወጡት። ልብስ ሰፊዋ ቤትም ራሳቸው ሄደው ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ።

ሕፃኑ ሕክምና ጀመረ። ልጅቷም ውሃውን እየተመላለሰች ልትለካ ቃል ገባች። ጉድጓድ ያላችሁ ሁሉ አስመርምሩ፤ ምላስ የማይደርስበትን አንድ ቁራጭ ከሰል ይደርስበታል፤ ጥፋቱ ከውሃው ይሁን ከዕቃው ለይቶ ስለሚነግር ጉድጓድ በከንቱ አይደፈንም፣ ልጅም በከንቱ አይታመምም።

በማግስቱ ግን ሽማግሌው የፈሩት ደረሰ። ጉድጓዱ ንጹሕ ነው ብዬ ብለፍፍም ሰፈሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጋሽ ባትሪ የሚቀምሱበትን ጣሳ ይዘው ባዶ ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። ረፋዱ ላይ ልብስ ሰፊዋ ሕፃን ልጇን አቅፋ ገባች። ተነሥተው ወደ ጉድጓዱ ሲያመሩ አስቆመቻቸው።

«ውሃ ልቀዳ አልመጣሁም፣ ጋሼ» አለች። የወንበሩን አቧራ በመዳፏ ጠርጋ ተቀመጠች።