ልምጭ አልመርቅም

(ደብረ ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ። ወይዘሮ የሻረግ ጓሯቸው ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ አምሳሉ፣ የፈረንጅ ዋሽንት መንፋቱን ትቶ የኦርኬስትራ መሪ የሆነው፣ ቀጭን በትር ይዞ ፊታቸው ቆሟል።)

የሻረግ፦ አልመርቅም አልኩህ። ጆሮህንም እዚያው አዲስ አበባ ትተኸው መጣህ?

አምሳሉ፦ እቴቴ፣ ነገ እኮ ነው። መላው ኦርኬስትራ በእኔ እጅ ሲሆን የመጀመሪያዬ ነው።

የሻረግ፦ ይሁንልህ። እኔ ግን ልምጭ መርቄ አላውቅም። ልምጭ አህያ ይመታበታል እንጂ አይመረቅም።

አምሳሉ፦ ልምጭ አይደለም፣ የመሪ በትር ነው።

የሻረግ፦ ስሙን ብታከብረው መልኩ አይለወጥም። ባለፈው ያቺን ትንሿን ቡድን ስትመራ ጎረቤት ሰብስቤ፣ «ልጄ በቴሌቪዥን ይወጣል» ብዬ ተቀምጬ ያየሁት ምን ነበር? ማጅራትህን። ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ እንጀራ የሚበላ አንተን አየሁ።

አምሳሉ፦ መሪ ፊቱን ወደ ተጫዋቾቹ ነው የሚያዞረው።

የሻረግ፦ እነሱ ይነፋሉ፣ እነሱ ይመታሉ፣ እነሱ ያልባቸዋል። አንተ እንደ ገብስ ጠባቂ እጅህን ታወናጭፋለህ። ገብስ ጠባቂ እንኳ ዝንጀሮ ያባርራል፤ አንተ ምን አባረርክ?

አምሳሉ፦ ያለ መሪ እኮ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል።

የሻረግ፦ ታዲያ ምኑን ተማሩት? ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ አንተም ይቺን ሹመት ብለህ ዋሽንትህን ጣልክ።

አምሳሉ፦ አልጣልኩትም።

የሻረግ፦ የትምህርት ቤቱ ፈረንጅ ያንን ዋሽንት ሲሰጥህ፣ የሰፈሩ ሰው «የየሻረግ ልጅ አዝማሪ ሊሆን ነው» ብሎ ሲስቅ፣ አፉን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። «ከትንፋሹ እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያወጣ ልጅ ካላችሁ አምጡት» ብዬ አይደለም? ሀንጋሪ ለትምህርት ስትሄድ ጫፉን እንትፍ እንትፍ ብዬ መርቄ ነው የላክሁህ። ለፈተናህም እንዲሁ፣ በትልቁ አዳራሽ ስትነፋም እንዲሁ።

አምሳሉ፦ ለዚያ እኮ ነው የመጣሁት። ያላንቺ ምርቃት ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም።

የሻረግ፦ ዘንድሮ እንኳ ፊት አይደለም የምትቆመው።

አምሳሉ፦ እሺ፣ ጀርባ። እጄ ይንቀጠቀጥብኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

የሻረግ፦ ሥራ ያልሠራ እጅ ምን ያንቀጠቅጠዋል? ለገና ንፋ ብልህ «ከንፈሬ ቆስሏል» አልከኝ። ለጥምቀት «ረስቼው መጣሁ» አልክ። ለፋሲካ ደግሞ ምን ነበር?

አምሳሉ፦ ብርዱ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል ብዬ ነው።

የሻረግ፦ በፋሲካ? ውሸትህ እንኳ ወቅቱን አያውቅም። በል፣ ያ የመጀመሪያው ዋሽንትህ ሳጥኔ ውስጥ አለ፣ ከነጠላዬ ሥር። አውጣና ንፋልኝ። ከነፋህ ልምጭህንም እመርቃለሁ፤ ተዋረድኩ።

አምሳሉ፦ ይቅር እቴቴ።

የሻረግ፦ ሂድና አምጣው።

አምሳሉ፦ አምጥቻለሁ፣ ይኸው። ስንት ዘመን ያልተነካ ነው፣ ደርቋል።

የሻረግ፦ በየዓመቱ ለመስቀል ቅቤ እቀባዋለሁ፤ ከአንተ ይልቅ ወዝ አለው። ንፋ፣ ያቺን ሁልጊዜ የምትነፋትን።

አምሳሉ፦ እሺ። ስሚኝ።

የሻረግ፦ ቆይ፣ ቆይ። ምንድን ነው ይሄ? ጎረቤት ፍየል አረደ ወይስ አንተ ነህ?

አምሳሉ፦ እኔ ነኝ።

የሻረግ፦ ደግመህ ንፋ።

አምሳሉ፦ ብደግመውም ያው ነው።

የሻረግ፦ ሳንባህ ነው?

አምሳሉ፦ ሳንባዬ ደህና ነው። ይቺ የግራ እጄ ጣት ናት፣ የቀለበቷ። ቀዳዳው ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ይደፈን አይደፈን ግን አላውቅም። ደንዝዛለች። ከጎኗ ያለችውም እየተከተለቻት ነው።

የሻረግ፦ ከመቼ ጀምሮ?

አምሳሉ፦ ካቻምና ክረምት።

የሻረግ፦ ሐኪምስ?

አምሳሉ፦ ነርቭ ነው አለ። አይመለስም አለ።

የሻረግ፦ ለማን ነገርክ?

አምሳሉ፦ ለማንም። ሰው «አደገ፣ ወደ መሪነት ተሻገረ» ሲል ዝም አልኩ። እንደ ሹመት ተቆጠረልኝ።

የሻረግ፦ እኔም «ዋሽንቱን ናቀ፣ ኩራት ገባው» ብዬ ዓመት ሙሉ ስሰድብህ ዝም አልክ?

አምሳሉ፦ ስድብሽ ይሻለኝ ነበር። ብታዝኚልኝ አልችለውም።

የሻረግ፦ ማን ያዝንልሃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ሞኝ ነህ። ሀንጋሪ ያን ያህል ዘመን ተቀምጠህ ሞኝነትህን እንኳ አልቀነሱልህም።

አምሳሉ፦ አልቀነሱልኝም።

የሻረግ፦ ያንን ልምጭ በየትኛው እጅህ ነው የምትይዘው?

አምሳሉ፦ በቀኙ።

የሻረግ፦ ግራህስ? ተንጠልጥሎ ይውላል?

አምሳሉ፦ አይውልም። ቀኙ ሰዓቱን ይጠብቃል፤ ዝግ በሉ፣ ከፍ በሉ፣ አሁን አልቅሱ የሚለው ግራው ነው።

የሻረግ፦ ጣቷ ደንዝዛም?

አምሳሉ፦ ለዚህ ቀዳዳ መድፈን አያስፈልጋትም። ሳያት ግን ትንቀጠቀጣለች፤ ሰዎቹም ያዩዋታል።

የሻረግ፦ ልምጩን እዚያ ግድግዳው ጋ አስቀምጥ።

አምሳሉ፦ እቴቴ...

የሻረግ፦ አስቀምጥ። አልመርቀውም ብያለሁ፤ በስተርጅና ቃሌን አላጥፍም።

አምሳሉ፦ እሺ። ይኸው አስቀመጥኩት። እንግዲያ ሳይመሽብኝ ልሂድ።

የሻረግ፦ የት ትሄዳለህ? ተንበርከክና ግራ እጅህን ወዲህ አምጣ።