ለውሃ በር ያለው ግንብ

ጋሽ ኢርፋን የወጠሩትን ሲባጎ ሰው ሲነካባቸው አይወዱም። በዚያ ጠዋት ግን፣ በሀርጌሳ በጋአን ሊባህ ሰፈር፣ አንዲት ልጅ ደረቁን ፈፋ ተከትላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ስትመጣ ሲባጎው ወገቧን ገታት። በእጇ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ዘንግ ይዛለች።

«ይህቺ ደግሞ ፊት ፊቷን አታይም እንዴ» አሉ ጋሽ ኢርፋን ለቀን ሠራተኛው፣ በአማርኛ፣ እንደማትሰማቸው ተማምነው።

«አያለሁ ጋሼ። በፈፋ መሀል ሲባጎ ይወጠራል ብዬ አላሰብኩም እንጂ» አለች ልጅቱ በጠራ አማርኛ።

ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡ። የአገሩ ልጅ መሆኗ ከመልኳም ከአለባበሷም ይታያል።

«አማርኛውን ከየት አመጣሽው?»

«ከስደት። ከተማው በጦርነት ሲፈርስ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ወደ እናንተ አገር ተሻገርን። ጅጅጋ ተማርኩ፤ ከዚያ አርባ ምንጭ ወርጄ የውሃ ትምህርት ጨረስኩ። ሲራድ እባላለሁ።»

«ውሃ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ሲጠማሽ ትጠጪዋለሽ።»

«የሚጠጣው ትንሹ ነው ጋሼ። ትምህርቱ በሚያልፈው ላይ ነው።»

ጋሽ ኢርፋን የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በድንጋይ ላይ የጨረሱ ግንበኛ ናቸው፤ ወደ ሀርጌሳ የተሻገሩት ሥራ ፍለጋ ነበር፣ ሥራም አላጡም። ጊዜው ከተማው ከፍርስራሹ የሚነሣበት ዘመን ነው። ከስደት የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ቤት አይደለም፤ አጥር ነው። በድንኳን እያደረ ቦታውን በድንጋይ ያጥራል። ወረቀቱ በጦርነት ጠፍቷል፤ ወሰኑን የሚያውቀው ሽማግሌ ሞቷል፤ ወይም ባሕር ማዶ ነው። የቆመ ግንብ ግን ለማንም ይመሰክራል። ስለዚህ ጥሩ ግንበኛ በዚያን ጊዜ ከሐኪም እኩል ይፈለግ ነበር።

የዚህ ቦታ ባለቤት አስሊ ትባላለች። ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፣ ልጆቿን በስደተኛ ካምፕ ያሳደገች ሴት ናት። ቦታዋ ከፈፋው ግራና ቀኝ ነው። ጋሽ ኢርፋንም ግንቡን በቦታው በላይኛውና በታችኛው ጫፍ ፈፋውን ሊያሻግሩት ሲባጎ ወጥረዋል።

«ውሃው በየት ያልፋል?» አለች ሲራድ።

«የትኛው ውሃ?»

«በዚህ ፈፋ የሚወርደው።»

ጋሽ ኢርፋን አሸዋውን አዩት። አንዲት ፍየል መሀሉ ላይ ተኝታ ታመነዥጋለች።

«ያቺ ፍየል ዋናተኛ ትመስልሻለች? እኔ እኮ ሳልጠይቅ ሥራ አልጀምርም። ከዚህ ቤት እስከዚያ ቤት ጠይቄያለሁ። እዚህ ውሃ ያየ አንድ ሰው የለም። ደግሞ የአሸዋ ወንዝ አታስተምሪኝ፤ በድሬዳዋ እሱ አጠገብ ነው ያደግሁት። ያ ወንዝ ነው። ይህ የፍየል መኝታ ነው።»

«የጠየቋቸው ሰዎች መቼ ተመለሱ?»

«አምና ያለ አለ፤ ካቻምና ያለም አለ።»

«ከዚያ በፊት የት ነበሩ?»

ጋሽ ኢርፋን ወደ ቤቶቹ ዞረው አዩ።

«ከተማው ባዶ ነበር» አለች ሲራድ። «እኛ በካምፕ ሆነን ውሃ በወረፋ ስንቀዳ፣ እዚህ ውሃው ማንም ሳያየው ይወርድ ነበር። ቢጠይቋቸው አላየንም ይላሉ፤ አልዋሹም።»

ሽማግሌውን ነገሩ ከነከናቸው፤ ነገር ግን ሰው በአንድ ቃል ከለመደው ነገር አይወጣም።

«ስሚኝ ልጄ። ያላየሁትን ጎርፍ ፈርቼ ግንብ አልበሳም። ግንብ ማለት የተዘጋ ማለት ነው። የእኔ ግንብ እስከዛሬ አልወደቀም፤ ይህም አይወድቅም። ውሃሽ ከመጣ ይግፋው።»

«እኔም የፈራሁት ይኸንኑ ነው።»

«ምኑን?»

«አለመውደቁን። ደካማ ግንብ ቢሆን ውሃው ጥሎት ያልፍና ጉዳቱ የአስሊ ይሆን ነበር። የእርስዎ ግንብ ግን ይቆማል። ግንቡ ከቆመ ውሃው ይዞራል። ወዴት እንደሚዞር መሬቱን ይዩት።»

የመሬት መለኪያ ዘንጓን ዘረጋች። ጋሽ ኢርፋን ጫፉን ተከትለው አዩ። ከግንቡ ማዕዘን አልፎ መሬቱ ዝቅ ይላል። ዝቅታው ላይ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል አለች። በሯ ላይ ሀሲና ሕፃኗን አዝላ ልብስ ታሰጣለች። ሀሲና ለሰፈሩ ሁሉ ሻይ የምትሸጥ፣ የጋሽ ኢርፋን ሟች ወንድም ልጅ ናት። በዚህ አገር ያለቻቸው ዘመድ እሷ ብቻ ናት፤ ምሳቸውን የሚበሉትም ከእሷ ዘንድ ነው።

«በልጆቼ አታስፈራሪኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ።

«አላስፈራራሁም። እኔን አይመኑኝ፤ መሬቱን ይጠይቁት። መሠረቱ ምን ያህል ተቆፈረ?»

«እስከ ጉልበት። አሸዋው ገና አልጠበቀልኝም።»

«እንግዲያው ጠንካራ መሬት እስኪያገኙ ይቆፍሩ። እኔ እመለሳለሁ።»

ጋሽ ኢርፋን ቆፈሩ። ስለ እሷ ብለው አልነበረም፤ ጥሩ ግንበኛ በአሸዋ ላይ መሠረት አይጥልም። ሲራድ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ጉድጓዱ ደረት ደርሷል። ሽማግሌው ውስጡ ቆመው ነበር። አይቆፍሩም። የጉድጓዱን ግድግዳ ያያሉ።

«ሲራድ» አሉ። «ይህን ማን ደረደረው?»

ወርዳ አጠገባቸው ቆመች። ከታች የቡጢ መጠን ያላቸው ድቡልቡል ድንጋዮች፤ በላያቸው ጠጠር፤ በጠጠሩ ላይ አሸዋ፤ በአሸዋው ላይ እንደ ዱቄት የላመ ጭቃ። ከዚያ እንደገና ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ጭቃ። እንደገናም። አንዱ ድርድር በሌላው ላይ፣ ቅደም ተከተሉ ሳይዛነፍ፣ እስከ አፋፉ ድረስ ይወጣል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ የደረደሩ ሰው ናቸውና ድርድር ሲያዩ ያውቃሉ። ይህ ሥራ የሠሪ ሥራ ነው።

«ውሃ ነው» አለች ሲራድ ቀስ ብላ። «ጉልበቱ ሙሉ ሲሆን ትልቁን ድንጋይ ያንከባልላል። ሲደክመው ጠጠሩን ይጥላል፤ ከዚያ አሸዋውን። ሲተኛ ጭቃውን ያነጥፋል። ከድንጋይ እስከ ጭቃ ያለው አንድ ጎርፍ ነው።»

ጋሽ ኢርፋን ጣታቸውን በድርድሮቹ ላይ እያስኬዱ ወደ ላይ ወጡ። ከአፋፉ ዝቅ ብሎ ጣታቸው ቆመ። በጥፍራቸው ጫሩና አንድ ነገር አወጡ። የእጅ መዳፍ የሚያህል የግድግዳ ልስን ነበር፤ ባንድ ወገኑ ሰማያዊ ቀለም አለው። ጠረጉት። ከዚያ ካወጡበት ቦታ በላይ ያለውን አዩ። ሙሉ ድርድር ነበረ፤ በእሱም ላይ ሌላ።

«ቤት ሳይፈርስ ልስኑ አይመጣም» አሉ። «ቤቱ የፈረሰው በጦርነቱ ነው። ይህ ሁሉ የተደረደረው ከዚያ ወዲህ ነው።» ልስኑን ጨበጡት። «ሱብሃነላህ። እኛ በሌለንበት።»

ሰው አገሩን ትቶ ሲሄድ ትዝታው ይቋረጣል። መሬት ግን የትም አልሄደችም፤ የደረሰባትን ሁሉ በየተራው አስቀምጣ ባለቤቶቿን ጠበቀች። ጋሽ ኢርፋን በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሳሉ የተሰማቸው ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ከእሳቸው የሚበልጥ ግንበኛ ሥራ ላይ ሲባጎ እንደወጠረ ሰው ሆነው ነበር።

በማግስቱ አስሊ መጣች። የአገሩ ሰው ግንበኛን ፉንዲ ይለዋል፤ እሷም እንዲሁ ትጠራቸዋለች። የሚነጋገሩት በሶማልኛ ነው።

«ፉንዲ፣ ሲባጎው የታለ?»

«ፈትቼዋለሁ። ፈፋው በሚገባበትና በሚወጣበት ለውሃ በር እንተዋለን።»

«በር?»

«የታነጸ ቅስት፤ ዝቅ ያለ። አፉ ላይ የብረት ፍርግርግ ይገባበታል።»

አስሊ ወገቧን ያዘች። «ግንብ እንዲሠሩልኝ ቀጠርኩዎት፤ እርስዎ ወንፊት ሊሠሩልኝ ነው። እኔ ይህን ቦታ ለማጠር ስንት ዓመት በድንኳን ውስጥ ድንጋይ እያለምኩ አደርኩ። ዛሬ ቀዳዳ ከተውኩ ነገ ጎረቤት መንገዴ ነው ይላል። ከነገ ወዲያ ግቢዬ ገበያ ይሆናል።»

«በፍርግርጉ ጎረቤት አያልፍም። የሚያልፈው ውሃ ብቻ ነው።»

«የትኛው ውሃ?»

ጋሽ ኢርፋን ትላንት የጠየቁትን ጥያቄ በሰው አፍ ሲሰሙት ፈገግ ሊሉ ቃጣቸው። «ነይ ውረጂ» አሉ።

«በዚህ ዕድሜዬ ጉድጓድ ልግባ?»

«ከገባሽበት የምትወጪ ነሽ። ውረጂ።»

እያጉረመረመች በመሰላሉ ወረደች። ድርድሩን አሳዩአት፤ እንዳልገባት ፊቷ ይናገር ነበር። ልስኑን አወጡና እጇ ላይ አስቀመጡት። አስሊ ቀለሙን አየች። ማጉረምረሟ ቆመ።

«ይህ የዒሴ ቤት ነው» አለች። «ቀለሙን ከበርበራ ነበር የሚያስመጣው። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰማያዊ የእሱ ብቻ ነበር። ሰርጌ ዕለት ያረፍነው እዚያ ነው።» ቀና አለች። «ግን የዒሴ ቤት እዚያ ኮረብታው ሥር ነው።»

«አዎ» አሉ ጋሽ ኢርፋን። «ከዚያ ድረስ ተሸክሞት መጣ።»

ሴትዮዋ ልስኑን በሁለት እጇ ያዘችው። ጠዋቱኑ የመጣችው ሲራድ ከአፋፉ ላይ ሆና ታያለች። ማስረዳት የሚገባው ሰው ሌላ እንደሆነ ገብቷታል።

«እሺ ፉንዲ» አለች አስሊ በመጨረሻ። «ብንዘጋውስ?»

«ከዘጋነው ሀሲና ላይ ይሄዳል። ግንቤ አይወድቅልሽምና።»

«ለውሃ ብዬ መሬቴን ልጣ?»

ያኔ ሲራድ ወረደች። «አያጡም እናቴ። ፈፋው በግቢዎ ውስጥ በድንጋይ ይነጠፍ። ድንጋዩም የሚገዛ አይደለም፤ ሰው የፍርስራሹን ክምር እያመጣ እዚሁ ፈፋ ውስጥ ሲደፋው ነው የከረመው። እሱን አንስተን እናንጥፍበት፤ ፈፋውም ይጠራል። በጎን ውሃ የሚያጠራቅም አንድ ብርካ እንቆፍር። ውሃው በመጀመሪያ በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ጭቃውን ይጥላል፤ የጠራው ብርካው ይገባል፤ የተረፈው በታችኛው በር ወጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። የብርካው ውሃ ለመጠጥ አይሆንም። ለልብስ፣ ለግንባታ፣ ለዛፍ ግን ይበቃል። ዛሬ ልብስ የሚያጥቡበትን ውሃ በአህያ ጋሪ እያስመጡ ነው። በራስዎ በር የሚያልፈውን ትተው።»

«ይህቺን ልጅ ማነው ያስተማራት?» አለች አስሊ።

«የእኛ አገር ሰዎች» አሉ ጋሽ ኢርፋን፤ ኩራት ቢጤ ነበረበት።

«እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ ነው» አለች አስሊ፤ ግን እየሳቀች ነበር። «ሥሩት። ፍርግርጉ ግን ወፍራም ብረት ይሁን።»

ሠሩት። ጋሽ ኢርፋን ሁለቱን ቅስቶች ለሌላ ሰው አልሰጡም፤ ድንጋዩን እየመረጡ በእጃቸው አነጹ። ሠራተኞቹ ለውሃ እንዲህ መጠንቀቅ ምንድነው እያሉ ያሾፉ ነበር። በበሩ የሚያልፈውን የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው።

የበልጉ ዝናብ፣ የአገሩ ሰው ጉ የሚለው፣ በጊዜው መጣ። የመጣው ግን እንደተጠበቀው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ በኮረብቶቹ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ በሰፈሩ ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ ወደቀ። ጋሽ ኢርፋን ሀሲና በር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። መጀመሪያ ያወቀችው ፍየሏ ናት። ከፈፋው ተነሣች፣ ጆሮዋን አቆመች፣ ወጥታ ሄደች። ከዚያ የከባድ መኪና ሰልፍ የሚመስል ድምፅ ከላይ መጣ።

ሽማግሌው ሮጡ። ግንቡ ጋ ደርሰው መዳፋቸውን ለጠፉበት። ውሃው በፈፋው መታጠፊያ ላይ ታየ፤ ቡናማ፣ አረፋ የለበሰ፣ ቅርንጫፍና ጎማ በጭንቅላቱ ተሸክሞ። ሲመታው ግንቡ በመዳፋቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቷቸው አያውቅም። ውሃው እስከ ቅስቱ አጋማሽ ወጣ። እዚያ ትንሽ ያመነታ መሰለ። ከዚያ በሩን አገኘና ገባ፤ በነጠፉለት ድንጋይ ላይ እያጉረመረመ ሄደ፤ ብርካውን እየሞላ በታችኛው በር ወጣ።

ጋሽ ኢርፋን ዞረው ወደ ዝቅታው አዩ። ሀሲና ሕፃኗን ታቅፋ በሯ ላይ ቆማለች። እግሯ ሥር ያለው አፈር ደረቅ ነበር።

«አላህ አክበር» አሉ፤ ለማንም አልነበረም። ውሃው እስኪያልፍ መዳፋቸውን ከግንቡ አላነሱም።

ያንን ግንብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አይቶታል፤ ጥቅሙንም ለመናገር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የሀሲና ክፍል ቆማለች። አስሊ የልብሷን ውሃ ከግቢዋ ትቀዳለች፤ በብርካው ዳር የተከለችው ቁርቁራ ጥላ ጥሏል። ፍርስራሽ ፈፋ ውስጥ መድፋት በዚያ ሰፈር ነውር ሆኗል። ከታች ያሉት ቤቶችም ውሃው በየት እንደሚመጣባቸው ስላወቁ ዝናብ ሲያዩ ዕቃቸውን ከቤት እያወጡ አይሸሹም። ከተማ በግንብ ብቻ አይሠራም። ለሚያልፈው መንገድ መተው የራስን መሬት ማጥበብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያጠብበው ግን የዘጋው ነው፤ ለራሱም ለጎረቤቱም።

ብርካው በሞላ በማግስቱ አንድ ከውጭ የተመለሰ ሰው ጋሽ ኢርፋንን ፈልጎ መጣ። ቦታውን ዙሪያውን ሊያሳጥር ነበር፤ ድንጋዩንም አራግፏል። ሲባጎ እንዲወጥሩለት ለመናቸው።

ሽማግሌው መሬቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ። በመሀሉ ሣር ያልበቀለበት ጎድጎድ ያለ መስመር ነበር።

«ሲባጎው ይቆይ» አሉ። «አካፋ አምጣና መጀመሪያ እዚህ እንቆፍር። ከአንተ በፊት የደረደረ አለ።»