መንገዱን በደጃፋቸው ያሳለፉት አናርጊሮስ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የላይ ቫርዳናም የታች ቫርዳናም ተወላጆች፣ ከከተማም ከባሕር ማዶም ወደዚህ ወደ ታች ቫርዳና ቤተ ክርስቲያን የደረሳችሁ፣ ንፍሮው ከመታደሉ በፊት የአቶ አናርጊሮስ ስኩራን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝሁት እኔ የባለቤታቸው ታናሽ እህት ፋኒ ነኝ። ቄሳችን አሳጥሪው ብለውኛል። እሳቸው ግን በሕይወት ሳሉ ሰው አግኝተው ወሬ ያሳጠሩበት ቀን ስለሌለ፣ በእሳቸው ቀን ብዙ ማሳጠሩን አልወደድሁትም።

አቶ አናርጊሮስ ከአባታቸው ከአቶ ሉካስ ስኩራ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዛምቤታ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ፣ በላይ ቫርዳና ተወለዱ። ያን ጊዜ ሁለቱ ቫርዳናዎች አንድ አገር ነበሩ፤ ሕዝቡ በሚያዝያው በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ፍየሉን እየነዳ ወደ ተራራው ይወጣ፣ ብርዱ ሊገባ ሲል በቅዱስ ዲሚትሪዮስ በዓል ደግሞ ወይራውን ሊለቅም ወደ ሜዳው ይወርድ ስለነበር፣ አቶ አናርጊሮስ ገና በእግራቸው ሳይሄዱ በበቅሎ ቅርጫት ውስጥ ሆነው ድንጋይ የተነጠፈበትን ያንን መንገድ ጠንቅቀው አወቁት።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት መንደር አጠናቀው፣ ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ከተማ ሊወርዱ ስንቃቸው ከታሰረ በኋላ፣ አባታቸው ወገባቸውን ታመው በቅሎዎቹን የሚነዳ ሰው በመታጣቱ፣ ስንቁ ተፈትቶ መጽሐፉ በአለንጋ ተተካ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ በሰሜን ጠረፍ በውትድርና ካሳለፉት ጊዜ በቀር፣ ከሜዳው ዘይትና ዱቄት ወደ ላይ፣ ከተራራው አይብና ማር ወደ ታች እያመላለሱ፣ ያገኙትን ሁሉ እያወጉ ኖሩ።

በእኛ አገር መንገድ የመንግሥት አልነበረም፤ የየቤቱ ነበር። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በሚውለው ሰኞ አባወራው ሁሉ ማጭዱንና ዶማውን ይዞ ይወጣና፣ ከአያቱ የወረሰውን፣ ከዚህ ቋጥኝ እስከዚያ ዛፍ የተባለለትን ድርሻ፣ እሾሁን መንጥሮ የተናደውን ድንጋይ መልሶ ይክብ ነበር። ድርሻውን ያላጸዳ ሰው በዚያ ዓመት ልጁን ልዳር ቢል የሚሰማው አልነበረም። የስኩራ ቤት ድርሻ ከምንጩ እስከ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ያለው የመጨረሻው ቁራጭ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከውትድርና በተመለሱ በዓመቱ እህቴን ፖሊክሴኒን ከታች ቫርዳና አገቡ። ሙሽራዋ በበቅሎ ተቀምጣ ስትወጣ ከኋላዋ የተጫነው የእንጨት ሳጥን ከመታጠፊያው ቋጥኝ ጋር ተጋጭቶ ተከፈተና፣ አንሶላውም የሌሊት ልብሱም ገደል ለገደል በእሾህ ላይ ተበተነ። አጃቢው «ገና ቤት ሳትገባ ዕቃዋን ለአገር አሳየህባት» እያለ ሲሳለቅባቸው፣ ሙሽራው በአዲሱ ሱሪያቸው ገደል ወርደው አንድም ሳይቀር ለቅመው፣ እጃቸው እየደማ፣ አጣጥፈው መለሱላት። እህቴ ሰውየውን የወደደችው ያን ዕለት እንደሆነ እስከ መጨረሻው ትነግረኝ ነበር። እግዚአብሔርም አንድ ልጅ፣ ስትራቲስን ሰጣቸው።

ከዚያ የመኪናው መንገድ በተራራው ጀርባ ዞሮ መጣ። ሐኪምና መብራት ይገባበታል ስንል ሰው ወጣበት። በቅሎዎቹ ተሸጡ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ የኮንስታ ቤት ወደ አቴና፣ የሪጋ ቤት ወደ ሜልቦርን ሄዱ። ስትራቲስም ሄደ፤ እነሆ ከፊታችን ተቀምጧል፤ አልወቅሰውም፤ እዚህ ቢቀር ምን ሊሠራ ነበር? ለእኛ ሜዳ ለቀረነውም አስፋልቱ ስለሚቀለን የድሮው መንገድ ተረሳ። አቶ አናርጊሮስ ግን ሰኞዋ በደረሰች ቁጥር ብቻቸውን እየወጡ፣ የራሳቸውን ጨርሰው የኮንስታን ቤት ድርሻ፣ የኮንስታን ጨርሰው የሪጋን ቤት ድርሻ ያጸዱ ነበር። አንድ ዓመት ምሳ ይዤላቸው ሄጄ ለማን ብለው እንደሚለፉ ብጠይቃቸው፣ «የኮንስታ ልጆች አንድ ቀን ቢመጡ እሾህ ነው እንዴ የሚቀበላቸው?» አሉኝ። የኮንስታ ልጆች አልመጡም።

እህቴ ፖሊክሴኒ እዚህ ታች ሐኪም ቤት ባረፈች ጊዜ፣ መካነ መቃብራችን እንደምታውቁት ላይኛው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስለሆነ፣ አስከሬኗን የሬሳ መኪና በአስፋልቱ ወሰደው። እሳቸው «ሙሽራ ሆና የመጣችው በዚህ ነው» ብለው መኪናው ውስጥ አልገባም በማለት በእግር መንገዱ ብቻቸውን ወጡ። እኛ ቀድመን ደርሰን፣ ቄሱ ጸሎቱን አቁመው፣ ባርኔጣቸው ከምንጩ በላይ ብቅ እስኪል ድረስ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ፋኒ፣ እኔን በመኪና እንዳታወጡኝ» አሉኝ፤ እኔም ቃል ገባሁላቸው።

ከዚያ ወዲህ በላይ ቫርዳና በክረምት ጭስ የሚወጣው ከአንድ ቤት ብቻ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ስልክ ብደውልላቸው ድምፃቸው አልወጣ ብሎ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ቆዩና፣ «ይቅርታ ፋኒ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሰው አላናገርሁም» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ። «ወንድሜ፣ ይውረዱና ከእኔ ጋር ይኑሩ» ብዬ ያልለመንኋቸው በዓል የለም፤ እሳቸው ግን የእህቴን መቃብርና ያንን መንገድ ለማን ትቼ እያሉ እንቢ አሉ።

በዚህ መካከል ነው ወይዘሮ አግላያ የሚመሩት የከተማው ተራራ ወጪዎች ማኅበር የድሮውን የበቅሎ መንገድ ለእግር ተጓዦች ሊከፍት የመጣው፤ መንገዱ ከነድንጋዩ እንደ ተነጠፈ ጸድቶ ቢያገኙት ዓይናቸውን አላመኑም። ተጓዡ እንዳይጠፋ በየቋጥኙ ምልክት እንዲያደርጉም ለአቶ አናርጊሮስ ቀይ ቀለምና ቡሩሽ ሰጧቸው። እሳቸውም ከታች ጀምረው በጥንቃቄ እየቀቡ ምንጩ ድረስ ወጡ። ከምንጩ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በስተቀኝ የድሮው መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወጣል፤ በስተግራ ጉልበት የሚሰብር የፍየል መተላለፊያ ዞሮ ዞሮ በአቶ አናርጊሮስ ግቢ አጥር ሥር አልፎ እዚያው ይደርሳል። በስተግራ ቀቡት። በቀኙ መንገድ አፍ ላይ ደግሞ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰውን ድርሻ እሾህ ሲመነጥሩ የኖሩት ሰው፣ በገዛ እጃቸው እሾህ ከመሩበት። የተዘጋው የስኩራ ቤት ድርሻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ደግ ዓመታት ነበሩ። ከጀርመኑም ከሆላንዱም ከአቴናውም የመጣው ተጓዥ ያንን ዳገት በላብ ተጠምቆ ሲጨርስ፣ በአጥሩ ሥር አግዳሚ ወንበር፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ አንድ ሳህን በለስ፣ እንደ አጋጣሚ ደግሞ ጢማቸውን የተላጩ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ያገኝ ነበር። ቋንቋ ባይግባቡም አቶ አናርጊሮስ ያወሩ ነበር፤ ስለ በቅሎዎቹ፣ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ፖሊክሴኒ። ለተከበረ እንግዳ የወይን አረቄም ይወጣ ነበር።

እዚህ ታች ግን ወሬው ተሰማ፤ በቡና ቤቱም «መንገድ ሰውን ቤቱ ያደርሳል፤ አናርጊሮስ ግን መንገዱን ቤቱ ወሰደው» ተብሎ ተሳቀ። የሳቁትም አሁን እዚሁ አሉ። በመጨረሻ ወይዘሮ አግላያ ምልክቱን ከድሮ ካርታ ጋር አስተያይተው፣ የሚያጠፉበት ግራጫ ቀለም ይዘው መጡ። ያን ቀን ዘይት ላደርስላቸው ሄጄ ነበርና አጠገባቸው ነበርሁ። የቀለሙን ቆርቆሮ ባዩ ጊዜ ሊዋሹ ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም። «ልጄ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው» አሉ፤ «እኔ ነኝ ያጣመምሁት። አባቴ ቢያይ ያፍርብኛል። ግን ቀጥ ካለ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያልፋሉ፤ እኔን ማንም አያየኝም።»

ወይዘሮ አግላያ ቆርቆሮውን ከወንበሩ ሥር አስቀምጠው፣ «አጎቴ አናርጊሮስ፣ በለስ አለዎት?» አሉ። በልተው ሲነሡም፣ «እርስዎ እዚህ ደጅ እስከተቀመጡ ድረስ መንገዱ በዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይቃናል» ብለው ወረዱ። ቆርቆሮው እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

አቶ አናርጊሮስ ባለፉት ሁለት ዓመታት በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው፣ ሐኪሙ ወደ ሜዳ እንዲወርዱ ቢያዝም፣ እኔም ደግሜ ብለምንም፣ «እኔ ከወረድሁ ማን ይቀበላቸዋል?» በማለት ጸኑ። የእኔ ፍርሃት አንድ ነበር፤ ብቻቸውን አርፈው ማንም ሳያውቅ እንዳይሰነብቱ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ባልና ሚስት ተጓዦች ዳገቱን ሲጨርሱ፣ ሽማግሌው አጥሩን ተደግፈው፣ የበለስ ሳህኑ አጠገባቸው ሆኖ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አገኟቸው። የተኙ መስሏቸው እንዳይቀሰቅሷቸው በዝግታ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ በለሱን በሉ፣ ነቅተው እስኪያመሰግኗቸው ድረስም ብዙ ጠበቁ። እነዚያ ሰዎች ዛሬ በኋለኛው ወንበር አብረውን አሉ። ያ የተጣመመ መንገድ ወንድሜን ብቻቸውን ከመቅረት አዳናቸው፤ ስለዚህም መጣመሙን ከእንግዲህ ማንም በፊቴ እንዳይስቅበት እለምናለሁ።

አቶ አናርጊሮስ ልጃቸውን ስትራቲስን፣ ምራታቸውን፣ በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቋቸውን ሁለት የልጅ ልጆች፣ እኔን ፋኒን፣ እንዲሁም ስማቸውን የማናውቃቸውን፣ ከደጃፋቸው በለስ የበሉ ብዙ ሰዎችን ትተው አልፈዋል። እንግዳን ሳያስጠብቁ የተቀበሉትን የእሳቸውን ነፍስ እግዚአብሔር ሳያስጠብቅ ይቀበልልን፤ ከፖሊክሴኒም አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።

የሬሳ መኪናው ሾፌር መመለስ ይችላል። ልጃቸው ከፊት፣ የማኅበሩ ሰዎችና የታች ቫርዳና ወንዶች እየተፈራረቁ ይሸከማሉ፤ መንገዱ እስከ ምንጩ ድረስ ጸድቷል፤ ማን እንዳጸዳው ታውቃላችሁ። ነገ ስትራቲስ የአባቱን ማጭድ ይዞ የስኩራን ቤት ድርሻ ይመነጥራል፤ ወይዘሮ አግላያም ግራጫውን ቀለም ከወንበሩ ሥር ያነሣሉ፤ ከእንግዲህ በዚያ ደጅ የሚያሳልፍ ምክንያት የለምና። ዛሬ ግን ምንጩ ዘንድ ስትደርሱ ወደ ቀኝ የሚል ሰው አይኑር፤ በቀዩ ምልክት እንሄዳለን።