በግራጫዋ መኪና ፊት ስለፈሰሰው ውሃ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ራይና ጾኔቫ
ዕድሜ፦ 74
አድራሻ፦ ቭራጻ አውራጃ፣ ጎርኖ ፖሌ መንደር
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የቀድሞ የአውቶቡስ ወንበር ሰፊ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ ሜይ 18 ቀን 2024፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሚሌን ኮጹሮቭ

ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከልጄ ባል ከስቶይቾና ከልጅ ልጄ ከኢቬት ጋር ቭራጻ መውጫ ላይ ወዳለው ያገለገሉ መኪናዎች መሸጫ ግቢ በአውቶቡስ ሄድኩ። ኢቬት ስድስት ዓመቷ ነው፤ እግሯ አይታዘዝላትም። ማክሰኞና ዓርብ ለእግር ልምምድ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። ተሽከርካሪ ወንበሯ አሮጌዋ መኪናችን ውስጥ ስለማይገባ አባቷ በጀርባው ነው የሚያወጣት የሚያወርዳት፤ ወገቡ አልቋል። መኪና የግድ ነው፣ እሱን አልካድኩም። ገንዘቡ የእኔ ነው። እንደ ማንኛዋም አሮጊት ለቀብሬ ያስቀመጥኩት ነው፤ በመሐረብ ቋጥሬ ደረቴ ውስጥ ይዤው ነበር።

ሻጩ ዲያን ይባላል። ከፍ ያለች፣ ሰባት ሰው የምትይዝ ግራጫ መኪና አሳየን። ቆጣሪዋ 148 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። «ጀርመን አንዲት አሮጊት ናት የነዳቻት፣ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ» አለን። «ሴትዮዋ የምትሳለመው ኢየሩሳሌም ነው እንዴ?» አልኩት። ስቶይቾ «እማዬ፣ ተይ እንጂ» ብሎ ተቆጣኝ። እሱ ካያት ጀምሮ እንደ ሙሽራ እየዞረ ነው የሚያያት።

ስቶይቾ ለሙከራ ሊነዳት ሲል ዲያን መታወቂያውን ተቀብሎ ያዘ። የኢቬት ተሽከርካሪ ወንበር ከኋላ ገባ፣ እሷም ተቀመጠች። እኔ ልጅ መንገድ ስትወጣ ውሃ ሳላፈስ ሸኝቼ አላውቅም። ከግቢው ቧንቧ በጣሳ ቀድቼ መንገዱ እንደ ውሃ ይቅናችሁ ብዬ ጎማው ፊት ደፋሁት። በአገራችን ለተገዛ መኪናም ውሃ እንደሚፈስ ያኔ አላሰብኩትም። ሌሎቹ ሻጮች አጨበጨቡ። ጥፋቴ ይሄ ነው፤ ሌላ የለብኝም።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ወንበር ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሹፌሩን ወንበር ዳሰስኩት። ስፌቱ አዲስ ነው፣ ክሩም ከሌሎቹ ወንበሮች ይለያል። የፍሪሲዮኑ መርገጫ ጎማው አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ወንበሩ ሥር እጄን ስሰድ የዘይት ቅያሪ ካርድ አገኘሁ። ፊደሉ ጀርመንኛ ነው፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው። 338 ሺህ ይላል፣ ቀኑም የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ዲያን «እማማ፣ ያ የሌላ መኪና ነው» አለ። ካርዱ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ስቶይቾ ራሱ ከመኪናዋ ጋር አስተያየው፤ አንድ ነው። እያየም ልቡ ከመኪናዋ አልተመለሰም።

እኔ አንገዛም ስል ዲያን የስቶይቾን መታወቂያ አልሰጥም አለ። «ሰው ሁሉ እያየ ውሃ አፍስሰሽላታል። ውሃ ከፈሰሰ ተሸጣለች» አለኝ። ለልጅቷ ነው ብል ማን ይስማኝ። «ወታደር ስሸኝም ውሃ አፍስሻለሁ፤ ታዲያ ወታደሮቹን ገዛኋቸው?» አልኩት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ።

ፖሊስ ሲመጣ መታወቂያውን ወዲያው መለሰ። ዋጋውንም ሦስት ጊዜ ቀነሰ። ስቶይቾ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። መሐረቤን አውጥቼ «መኪና ብዙ መሄዷ ነውር አይደለም። 338 ሺህ ሄዳለች ብለህ በእጅህ ጻፍና ፈርም፣ አሁን እወስዳታለሁ» አልኩት። የምሬን ነው፣ እገዛት ነበር። እሱ ግን «ዋጋ ልቀንስልሽ፣ ጽሑፉ ይቅር» አለ። ቁጥር ለመጻፍ የፈራ ሰው ሌላ ምን እንደደበቀ በምን አውቃለሁ? ፍሬኑን ቢሆንስ? የምትቀመጥባት ልጅቷ ናት። መሐረቤን መልሼ ከተትኩ። ካርዱን ለፖሊስ አስረክቤያለሁ።

ስቶይቾ እዚሁ ኮሪደር ላይ ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል። ኢቬት ደግሞ «አያቴ፣ ወንበሬ እኮ ገብቶ ነበር» አለችኝ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልኩት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው፤ ሳጅኑ እንዳሳጥር ከመለመኑ በቀር ማንም አላስገደደኝም።

የምስክር ፊርማ፦ ራ. ጾኔቫ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሳጅን ሚ. ኮጹሮቭ