የተናገረ ያስረዳ

የእልፍነሽ በር ሲመሽም ሳይዘጋ እንደሚያድር ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። በሐምሌ የሆሳዕና ከተማ ብርድ በር ከፍቶ አያሳድርም። ሌባ ይገባባታል ብዬ ስሰጋ፣ ለካ ሌባ የተባለችው እሷው ኖራለች።

እልፍነሽ ባሏ የሞተባት፣ ቅቤ ነግዳ የምታድር፣ የእድራችንንም ሰሃን የምታስቀምጥ ጎረቤቴ ናት። ከአንድ ለቅሶ በኋላ ሰሃኖች ጎደሉ። ባለሱቋ ውቢት ወፍጮ ቤት ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት፣ እልፍነሽ ሰርቃ ጃጁራ ገበያ ሸጠችው አለች። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። እልፍነሽም የፈለገ ገብቶ ይፈትሽ ብላ በሯን መዝጋት ተወች።

ይህን እንደሰማሁ ከልጄ ከጴጥሮስ ጋር ልጠይቃት ስሄድ፣ ደጃፏ ላይ ከጋሽ ሳህሉ ጋር ተገናኘን። ጋሽ ሳህሉ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ጴጥሮስ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። አብረን ገባን።

ጋሽ ሳህሉ የመጡት እሁድ በእድርተኛው ፊት እንድትምል ሊነግሯት ነበር። እሷ ግን ወንጌል አማኝ ናትና መማል እምነቷ እንደማይፈቅድላት ነገረቻቸው።

«ያልሰረቀ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል ልጄ? ካልማልሽ ከእድሩ ትሰረዣለሽ።»

ከእድር የተሰረዘ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ይህን ሳስብ ጴጥሮስ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሕግ ማስረዳት ያለባት እሷ አይደለችም።»

እጅጌውን ጎተትኩት። ሽማግሌ ያስቀይማል፣ ትልልቅ ሰው የሚያውቀው የውቢት ባል ከሥራ ያስወጣዋል ብዬ ፈራሁ።

«ታዲያ ማን ነው?»

«የተናገረችው ናት። ሰርቃለች ያለ ሰው እውነት መሆኑን ያስረዳ። ካቃተው ስም በማጥፋት ይጠየቃል።»

ጋሽ ሳህሉ ሳቁ። «ቃል ነፋስ ነው። ፍርድ ቤታችሁ ነፋስ በምን ያስራል?»

«በሰማው ሰው ነው፣ ጋሼ።»

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ውቢት ለብቻዋ አግኝታ ሰድባት ቢሆን ስድብ ነው፤ እሱም ሌላ ክስ አለው። ይህ ግን በስሟ ተጠርታ፣ ሌላ ሰው እየሰማ የተባለ፣ መልካም ስሟን የሚያጠፋ ነገር ነው። ሲባል ሰማሁ የሚል ሰው አይጠቅምም፤ በጆሮው የሰማ ምስክር ያስፈልጋል። በወንጀል ለማስከሰስ፣ ሌባ መባሏን ካወቀች በሦስት ወር ውስጥ አቤት ማለት አለባት። በፍትሐ ብሔርም ካሳ ልትጠይቅ ትችላለች። የተባለው እውነት ሆኖ ከተገኘ ግን ክሱ ይወድቃል።

ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ተምሬ ሕግ ለመሬትና ለደም ብቻ ይመስለኝ ነበር። የማይታይ፣ የማይዳሰስ የአንዲት ደሃ ስም እንደ በሬ ባለቤት አለው፣ ሕግም ይጠብቀዋል ሲባል ገና ያን ቀን ሰማሁ።

«ክርስቲያን አይደለሽም? ይቅር በያት» አሏት ጋሽ ሳህሉ።

«ይቅር እላታለሁ፣ ጋሼ። መጀመሪያ ሌባ አለመሆኔ ይታወቅ።»

ጋሽ ሳህሉ ወደ ጴጥሮስ ዞሩ። ውቢት የወንድማቸው ሚስት ናት።

«ከወንድሜ ጋር ልታጣላኝ ነው» አሉት ጴጥሮስን።

«ዝም ካሉ ደግሞ፣ ነገ በልጅዎ ላይ ማንም አፉን ቢከፍት የምትምለው ልጅዎ ናት።»

ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «ያን ቀን እኔም ወፍጮ ቤት ነበርኩ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለካ የማስምለው የተናገረውን ትቼ የተነገረበትን ኖሯል። ስሜን ምስክር ብለህ ጻፈው። እሁድም ማስረጃ የምጠይቀው ውቢትን ነው።»

ቀጠሮ ይበዛል፣ ምስክር ይከዳል ብዬ ዛሬም እፈራለሁ። ነገር ግን ስሙ ሲጠፋ አገር ጥሎ የሚሰደደውን፣ ዱላ የሚያነሳውን ሰው አይቻለሁ። ሕግን የሚያውቅ ሁለቱንም አያደርግም፤ ሐሜተኛም ነገ አስረዳ እንደሚባል ካወቀ አፉን ይይዛል።

ስንወጣ እልፍነሽ እስከ ደጅ ሸኘችን። ጥቂት እንደሄድን በሩ ሲገጠም፣ ቀጥሎም ቁልፉ ሲዞር ከኋላችን ሰማን።