ጉም የምትፈራው ማኪና

ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንወጣ ዳገቱ ላይ ጉም ወረደብንና የአያ አድማሴ የጭነት ማኪና ቀጥ አለች። አያ አድማሴ መንዳትን በጣሊያን ጊዜ የተማሩ፣ በሙያቸው የሚኮሩ ሽማግሌ ናቸው። ያን ቀን ልባቸው ተሰቅሎ ነበር። ልጃቸው ጽጌሬዳ ምጥ ጠንቶባታል የሚል መልእክት ደርሷቸው፣ ጎንደር ሆስፒታል ሊያወርዷት ወደ ቤቷ እየገሠገሡ ነበር። ከዚህ ቀደም የመጀመሪያ ልጇን በምጥ አጥታለች።

ሽማግሌው ወርደው ኮፈኑ ላይ ጠበል ረጩ።

«ይህች ማኪና ጉም ትፈራለች። እስኪገለጥ መጠበቅ ነው እንግዲህ» አሉኝ፤ እንባቸው ቀርቦ ነበር።

ከጭነቱ ላይ አንድ ወጣት ወረደ። ዐብደላ ይባላል፤ ከጎንደር አራዳ ገበያ ነጋዴዎች ወገን ነው። የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ጨርሶ ወፍጮ ሊጠግን ይሄዳል። ኮፈኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ።

«አያ አድማሴ፣ ይፍቀዱልኝና ይህ የቤንዚን ፓምፕ ከማኪናዋ ጋራ የመጣ ነው?»

«የለም፤ የጥንቱ ሲሞትብኝ ይህን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ገዛሁ። ምነው?»

«ሽቦውን ከምን ቀጠሉት?»

«ከፊት መብራቱ ሽቦ። ሽቦ ሽቦ ነው፤ ምን ይመረጥለታል?»

«እንግዲያው የምትፈራው ጉሙን አይደለም። ጉም ሲወርድ መብራት ያበራሉ፤ ያች ቀጭን ሽቦ ለሁለቱ አትበቃም፤ ፓምፑ ይደክምና ማኪናዋ ቤንዚን ታጣለች። ማታ ነድተው ያውቃሉ?»

«ሽፍታ ባለበት አገር ማን ማታ ይነዳል? ደግሞስ አንተ ሳትወለድ ይህን ዳገት የወጣሁ ነኝ!»

«እኔን አይመኑኝ፤ ጆሮዎን ይመኑ።»

ዐብደላ ቁልፉን ቢያዞር ፓምፑ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። መብራቱን ሲያበራ ድምፁ ተጎተተ፤ ሲያጠፋው ፈጠነ። አያ አድማሴ ራሳቸው አበሩ፤ አጠፉ፤ ደግመው አበሩ። ሽቦዋን ቢነኳት ፈጀቻቸው።

«መብራቱን አጥፍቼ ልሂዳ!»

«በገደል አፋፍ ሳያዩ? የጋለ ሽቦስ ከቤንዚን አጠገብ እሳት አይደለም? ለወፍጮው የያዝሁት ወፍራም ሽቦ አለ፤ ከባትሪው በቀጥታ፣ ከነፊውዙ ልዘርጋለት። ቀጭኑ ትእዛዝ ብቻ ያድርስ፤ ሸክሙን ወፍራሙ ይሸከም። ግን ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ሪሌ የሚሉት ማብሪያ ያስፈልገኛል፤ ከክላክስዎ ልፍታው።»

«ክላክሴን! አገሬው የሚያውቀኝ በእሱ አይደለም?» አሉና መፍቻውን ራሳቸው አቀበሉት። «ፍታው። ልጄ ካልኖረች ለማን ልነፋው?»

«ጠበሉን ለጽጌሬዳ ያቆዩላት፤ ለማኪናዋ ሽቦው ይበቃታል» አለ ዐብደላ በአክብሮት።

ሥራው ሲያልቅ መብራት አብርተን ጉሙን ሰንጥቀን ወጣን። ፓምፑ አልደከመም፤ ሽቦው አልጋለም። አያ አድማሴ መሪውን እንደያዙ፦ «ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይኸ ነው፤ ሸጋውን ፓምፕ በክፉ ሽቦ አስወቀስሁት። እንደ እኔ ሽቦ የቀጠሉ ሾፌር ጓደኞቼም ይስሙ፤ ጉሙን እየረገምን መንገድ ያስቀረነው ሕመምተኛ ስንቱ ነው!» አሉ። እኔም ልባቸውን ወደድሁላቸው፤ በዚያ ዕድሜ ተሳስቻለሁ ማለት ቀላል አይደለም።

አምባ ጊዮርጊስ ደርሰን ከቤቷ ስንገባ ጽጌሬዳ ከመደቡ ላይ በግድ ቀና አለች።

«አባባ! በዚህ ጉም እንዴት መጡ? አይመጡም ብዬ ቆርጬ ነበር እኮ።»

«መብራት አብርቼ መጣሁ፣ ልጄ» አሏት።

በዚያው ጉም ውስጥ ወደ ጎንደር ወረድን፤ ጽጌሬዳም ሳይመሽ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።